ጋሽ በላቸው በር ላይ የቆሙለት ዲስክ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ይስሐቅ ሊጠይቀን ከዲሲ አጠገብ ካለችው አሌክሳንድሪያ መጥቶ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ልጄ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ቀና ብላም አላየችው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ቪዲዮ እየቀረጸች ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ቪዲዮውም ማመልከቻውም አልታየኝም። ደሜ ፈላ። «ሰው ሲገባ አይነሳም እንዴ!» ልል አፌን ስከፍት ይስሐቅ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አንዱን ጫማ አውልቆ፣ አንዱን እንዳጠለቀ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አፌን ዘጋሁ። ልክ እንደዚያ ሆነው ሲቆሙ ያየኋቸው ሌላ ሰው ነበሩ፤ ይስሐቅም እሳቸውን እያሰበ መሆኑን አውቄያለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እኔና እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ወለሉ እንጨት ነው፤ ድመት ብትሄድበት ይንቋቋል። ይስሐቅ በአንድ ዓመት ያንሰኛል፤ ኮምፒውተር ይማራል፣ ማታ ማታ ይሠራል። ሁለታችንም የጌም እብዶች ነበርን። አንድ ቀን ከመሬት ተነስተን «ለምን ገበጣን ቴሌቪዥን ላይ አናስገባውም?» ተባባልንና ጀመርነው። እሱ ፕሮግራሙን ጻፈ፣ እኔ ገበጣውንና ጠጠሮቹን ሣልኩ። ሙዚቃውን የሰጡን ጋሽ በላቸው ናቸው።

ጋሽ በላቸው የእማዬ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነበሩ። ቀን ታክሲ ይነዳሉ፣ ዓርብ ዓርብ አንድ ምግብ ቤት ክራር ይጫወታሉ። ሰው እየበላና እያወራ ነው የሚሰማቸው። ካሴት አውጡ ሲባሉ «ማን ሊገዛኝ?» ብለው ይስቁ ነበር። እኛ ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ አስቀምጠን፣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለን ቀዳናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ እረፍት አጡ። ባዩን ቁጥር «እህ፣ ደረሰ?» ነው። እኛ ቸኩለናል ስንል እሳቸው ባሱ።

የቸኮልንበት ምክንያት ነበረን። ሮክቪል አካባቢ ያለ የአንድ ጌም ድርጅት ሰውዬ ለይስሐቅ «ሰኞ ጠዋት ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝ ጌም ማሽን ላይ የሚሠራ ዲስክ ይዛችሁ ኑ» ብሎታል። እማዬ ደግሞ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። «ሰኞ ሰውየው ሥራ ከሰጠሽ፣ እሰየው። ካልሰጠሽ ማክሰኞ ነርሲንግ ትመዘገቢያለሽ። ጠጠር እየሣሉ ማርጀት የለም።» እሺ አልኳት። ምን ምርጫ ነበረኝ? ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር ያንን ነጭ የነርስ ጫማ ሳጠልቅ አድር ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። የዲሲን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደመሸፈን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይስሐቅ ዲስክ መጻፊያውን ከመሥሪያ ቤቱ ተውሶ መጣ፤ ሰኞ መመለስ አለበት። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አጭር ስለሆነ ሶፋው ፊት ያለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ተቀምጠን ጉልበታችን ይነካዋል።

በዚያን ጊዜ ዲስክ መጻፍ እንደ ዛሬ ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ ጨዋታውንም ሙዚቃውንም አጠቃሎ «ኢሜጅ» የሚሉትን አንድ ትልቅ ፋይል መሥራት፣ ከዚያ እሱን ሳያቋርጡ ወደ ባዶው ዲስክ መገልበጥ ነው። አንዴ ካቋረጠ ዲስኩ አበቃለት፣ ይጣላል። ታዲያ የኛን ኢሜጅ ስናይ ሰባት መቶ ምናምን ሜጋባይት ይላል። ዲስኩ ሳጥን ላይ የተጻፈው ስድስት መቶ ሃምሳ ነው።

«አይገባም» አለ ይስሐቅ። «ያበዛው ክራሩ ነው። እንቁረጠው።»

«ጋሽ በላቸው ይገድሉናል!»

«ከሰኞና ከጋሽ በላቸው ማን ይሻልሻል?»

ቆረጥነው። አጫጭሮቹን ይዘን ረጅሞቹን ጣልን፤ ከሁሉም የሚወዱትን ያንን ረጅም የባቲ ዜማ ሳይቀር። ከዚያ ጀመርን። የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ እኔ እግሬን ማሳረፍ አቅቶኛል፣ እማዬ ሱፍ ፍትፍት በትሪ አቅርባ አጠገባችን ተቀምጣለች። ግማሽ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ጋሽ በላቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ መጡ።

«ኖር!» ብለን ሦስታችንም ብድግ አልን።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!»

ማሽኑ እህህ የሚል ድምፅ አውጥቶ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት ወጣ። ይስሐቅ ራሱን ያዘ። ኢሜጁ አሁንም በዝቶበት ነው ብለን የቀረውን ክራር በሙሉ አውጥተን እንደገና ጀመርን። ጋሽ በላቸው በልተው፣ መርቀው፣ ሊሄዱ ሲነሱ ልንሸኛቸው ተነሳን። ዲስኩ ሞተ። ሦስተኛውን ጀመርን፤ ጃንጥላቸውን ረስተው ኖሮ ተመለሱ። እሱም ሞተ። በዚያ ላይ በሩ ጋ ዞር ብለው «ረጅሙ ባቲ አለ አይደል?» አይሉንም!

«አለ ጋሼ» አለ ይስሐቅ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ።

እማዬ የተበላሹትን ዲስኮች አንስታ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገቻቸው። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ባዶ ዲስክ አንድ ብቻ ቀርቶናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንደ ልብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

«እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለች እማዬ ብርጭቆዎቹን እየደረደረች። «ግን ጋሽ በላቸው ሲገቡ ሞተ፣ ሲወጡ ሞተ፣ ጃንጥላ ሊወስዱ ሲመጡ ሞተ። ዓይናቸው ከባድ ሳይሆን አይቀርም። በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

ይስሐቅ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ብርጭቆዎቹን እያየሁ ነበር።

«እማዬ፣ እስቲ ተነሺ።»

«ለማን?»

«ለማንም። ዝም ብለሽ ብድግ በይ።»

ብድግ አለች። ወለሉ ዘለለ፣ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ገጨ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ የማሽኑም መብራት ጠፍቶ በራ። ገመዱ ከኋላ በኩል ላልቶ ኖሯል! ለካ ሲያበላሽብን የዋለው ዓይን ሳይሆን የገዛ ጨዋነታችን ነው። ትልቅ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ብድግ፤ ብድግ ባልን ቁጥር ዲስኩ ድርግም።

ይስሐቅ ስለ ገመዱ ሊጠይቅ የሥራ ባልደረባውን ኮል አደረገው። ሰውየው ስለ ገመዱ ነግሮት ሲያበቃ የኢሜጁን መጠን ሰምቶ ሳቀበት። ሙዚቃ ያለበት ዲስክ የሚለካው በደቂቃ ነው አለው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ባቄላው ተከክቶ ሲመዘን ነው፤ የኛ ፋይል የተመዘነው ከነገለባው፣ ማሽኑ ለራሱ ከሚጨምረው ትርፍ ቁጥር ጋር ነው። በደቂቃ ሲታሰብ ክራሩ በሙሉ ተርፎ ይገባ ነበር። የጋሽ በላቸውን ሙዚቃ በከንቱ ነው የቆራረጥነው።

ገመዱን በፕላስተር ጠፈርነው፤ ሶኬቱ ግን ያረጀ ስለሆነ አሁንም ይወላገዳል። ሙሉው ክራር ያለው ይስሐቅ ቤት ነውና ሊያመጣው ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። እሑድ በጠዋት መጥቶ ሰው ሳይመጣ ልንጨርስ ተቀጣጠርን። ነገር ሲጠም ግን ድልድይም ይከዳል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ እኛ ሲመጣ በወንዙ ላይ የሚያልፍበት የዊልሰን ድልድይ ያን ጊዜ ለመርከብ የሚከፈተው አሮጌው ነበር፤ ተከፍቶ አልዘጋም ብሎ ይስሐቅ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ በፀሐይ ሲጠበስ አረፈደ። ሲደርስ ቅዳሴ ሊወጣ ነው።

«በሩን እንቆልፈው» አልኩ።

«በቁሜ! በሬን ሰው ላይ አልቆልፍም» አለች እማዬ።

የመጨረሻዋን ዲስክ ከነሙሉ ክራሩ ጀመርናት። ሦስታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቀን ተቀመጥን። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ማከክ እንኳ ፈራሁ። ከግማሽ እንዳለፈ በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። እሳቸው ናቸው። እማዬ ልትነሳ ስትል ነጠላዋን ጨምድጄ ያዝኩና «እንዳትነሱ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ በላቸው አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንዱን ሳያወልቁ ደነገጡ። ሦስት ሰው ተቀምጦ ያያቸዋል፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም ጋሼ» አልኩ። «ክራርዎ እየተጻፈ ነው። ወለሉ ከተነቃነቀ ይበላሻል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወለሉን አዩ።

«እንግዲያው እኔም አልገባም» አሉ።

በሩ ላይ ቆሙ። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ቅዳሴውን ቆመው ነው ያስቀደሱት፣ ሙቀቱ ያ ሙቀት ነው። አንድ እግራቸው በካልሲ፣ አንዱ በጫማ፣ ግድግዳውን እንኳ ሳይደገፉ ቆሙ። እማዬ በእፍረት እንባዋ መጣ። «በገዛ ቤቴ! ትልቅ ሰው በር ላይ አቁሜ እኔ ተቀምጬ!» ስትል፣ «ዝም በይ አንቺ» አሏት በሹክሹክታ። «ተነሺና ታያለሽ።»

ማሽኑ ዲስኩን ሲተፋው ይስሐቅ አንስቶ ሳመው። ያኔ ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ብድግ ብለን «ኖር!» አልን፤ የእማዬ ብርጭቆዎች ወለል ላይ ወርደው ተከሰከሱ፣ ማንም ግድ አልሰጠው። «በእግዜር!» እያሉ ገቡ። ጌም ማሽኑን ስንከፍተው ገበጣው ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ፣ ረጅሙም ባቲ ቤቱን ሞላው። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙና «ሁለተኛው ክር ረግቧል» አሉ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቻለሁ።

ሰኞ ሰውየው ተጫወተው፣ ሳቀ፣ እኔን አሸነፈኝ። «በጣም ያምራል» አለ፤ «ግን ማን ይገዛዋል?» ዲስኩን መለሰልን። ይስሐቅ ሲነዳ እኔ መንገዱን ሁሉ ተንሰቀሰቅኩ። ማክሰኞ ነርሲንግ ተመዘገብኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ነርስ ነኝ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ያንን ሰኞ ግን እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ዲስኩን ለጋሽ በላቸው ሰጠናቸው። ተራ ዲስክ ማጫወቻም ክራሩን ያነበው ነበርና ታክሲያቸው ውስጥ ሲያሰሙት ኖሩ። የመጀመሪያው ክፍል የጌሙ ፕሮግራም ስለሆነ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ብቻ ነው። ለተሳፋሪው ሁሉ «አንደኛውን እለፈው፣ እሱ የልጆቹ ነው» ይሉ ነበር። ሌላ የተቀዳ ነገር አልነበራቸውም። ባረፉ ጊዜ በአርባቸው ልጆቻቸው ያሰሙን እሱን ነው፤ ከሁለተኛው ጀምረው።

ልጄ ቪዲዮዋን ጨርሳ ላፕቶፑን ስትዘጋ ይስሐቅ አሁንም በሩ ላይ ነበር። ደንግጣ ተነሳች።

«ሶሪ አንክል! ሪኮርድ እያደረግኩ ነበር። ግን ለምን እዚያ ቆምክ? መግባት ትችል ነበር እኮ።»

ይስሐቅ እኔን አየኝ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጉልበቱንም ያመዋል።

«ለእኛም ቆመውልን ነበር» አላት።

ሁለተኛውን ጫማውን አውልቆ ገባ። በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ግን ብድግ ብዬ ተነሳሁለት።