ሪባን ሳይቆረጥ

ኮሮና መጣ ሲባል የእኛ ሆስፒታል ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ማን እንደ እኛ! ከአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ተለምኖ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ሃያ አልጋ ተደርድሮበት ለይቶ ማከሚያ ተባለ። መስኮት የለውም፤ ሰሊጥ መቼ አየር ይፈልግና! የመተማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ውስጡ አያድርስ ነው። ፍራሾቹ ግን አዲስ ናቸው፣ ላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። የዞን ኃላፊው መጥተው ሪባን ሳይቆርጡ አልጋ የነካ ወዮለት ብለውናል ሥራ አስኪያጃችን።

በሽታው ፕሮግራም አልደረሰውም መሰለኝ። ከምረቃው አንድ ቀን ቀድሞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የወረደ ሰው በባጃጅ አመጡብን። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ፣ ቁልፉም በእጄ። አንጀቴ አልችል ብሎ ከነላስቲኩ አስተኛሁትና የኦክስጅን ማሽኑን ሰካሁለት። ትንሽ ቀለል ሲለው፣ ልብሱ አፈር ስለሆነ አልጋው እንዳይቆሽሽ ተጨነቀልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሲያዩት ክው አሉ። ባልተመረቀ ክፍል በሽተኛ! እንግዶች ምን ይላሉ? ለአንድ ሰዓት ብቻ ይውጣ አሉ። እኔ ጀግናዋም እሺ አልኩ። ደግፌ አወጣሁትና ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ተመልሼ አልጋውን አሳመርኩ።

አንድ ሰዓት የተባለው አራት ሆነ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ለድምፅ ማጉያው ተነሣ። ስለ ዝግጁነታችን ብዙ ተነገረ፣ አጨበጨብን። ኃላፊው ሪባኑን ቆርጠው፣ ጎጃሜው ያደረበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ ሄደ።

ሮጬ ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ሲስተር፣ እንግዶቹ ሄዱ?» አለኝ።

«ሄዱ፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያ ልግባ?»

ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ተሸክመን አስገባነው። ጄኔሬተሩን ብናስነሣው እምቢ አለ፤ ናፍጣው በንግግር አልቋል። ከአንድ ባለትራክተር ናፍጣ እስኪለመን ድረስ ሰውየው አልጠበቀንም።

እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ በእነዚህ እጆቼ። መዝገቡንም የሞላሁት እኔው ነኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ሕመምተኛው ዘግይቶ በመምጣቱ» ብዬ ጻፍኩ።