ማርታን ማርቲን ያልኩበት ልብወለድ

ትናንት ከሰዓት አንዲት ተከታታዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ ሁለት ሴቶች የሚፋቀሩበት፣ የወዛደር ትግልም ያለበት ልብወለድ ካወቅሽ ጠቁሚኝ» አለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ለሰው ያነበብኩት ሆሳዕና ነው፣ በደርግ ጊዜ።

ያኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነኝ። ከሰሜን ተመድቤ የመጣሁ፣ ሀዲይኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ። የቀበሌው ሴቶች ማህበር ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባላቱ «አብዮታዊ መጽሐፍ» እንዳነብ አዘዘኝ። የነበረኝ ከአዲስ አበባ አሮጌ ተራ የገዛሁት የእንግሊዝኛ ልብወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የተጨበጠ ጡጫ ስላለ፣ የቀበሌው ካድሬ ገና ሲያየው «በርቺ ጓድ!» አለኝ።

ውስጡን ቢያውቅ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር! ሊናና ማርታ የሚባሉ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ አድማ ይመራሉ፣ ይዋደዳሉ... የእህትማማች ፍቅር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ታዲያ እኔ ማርታን ማርቲን አልኳትና ተገላገልኩ።

እኔ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ አነባለሁ። ወርቅነሽ የምትባል የማህበሩ አባል ደግሞ አማርኛ ለማይገባቸው በሀዲይኛ ትነግራቸዋለች። ወርቅነሽ አዲስ አበባ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣ ከቀይ ሽብር በኋላ ወደ አገሯ የተመለሰች ዝምተኛ ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው እዚሁ መሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ? በጭራሽ።

ግን አንድ ነገር አላማረኝም። እኔ ሁለት መስመር ስናገር እሷ ታወራለች፣ ታወራለች... የሚያስቅ ቦታ ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ከሀዲይኛው መሃል ደግሞ «አስቴር» የሚል ስም ደጋግሞ ይሰማኛል። መጽሐፉ ውስጥ አስቴር የምትባል ፍጡር የለችም!

አንድ ቅዳሜ ስንበተን ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማውን ጎረቤቴን ሣራን ያዝኳት።

«አስቴር ማናት?»

«ውይ ቲቸር፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ ያመጣሻት! ያቺ ከጓደኛዋ ጋር ፋብሪካ የምትሠራው... ሊነጋጋ ሲል በአንድ እግር ጫማ የወሰዷት። አንጀቴን በላችው።»

«ወሰዷት? እኔ እኮ ገና አላሰርኳትም!»

ማርታ የምትታሰረው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ሊነጋጋ ሲል ነው። አንዱን ጫማ ሳታደርግ ነው። መጽሐፉ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም፣ ያን ምዕራፍ ደግሞ በአማርኛ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ወርቅነሽን ቤቷ ድረስ ሄጄ አፋጠጥኳት። «ያ ማርቲን የምትዪው ወንድ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «የሊናን ፀጉር እየጎነጎነ ስለ አድማ የሚያወራ ወንድ አይቼ አላውቅም። እኔን እንደዚያ የምታደርገኝ አስቴር ነበረች።»

ግድግዳው ላይ ሁለት ካፖርት ተሰቅሏል። አንዱ ለእሷ በጣም ይረዝማል።

«ጫማውስ?» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ከአልጋው ስር አንድ የሴት ጫማ አወጣች። የግራ እግር ብቻ... እግዚኦ! መጽሐፉ ውስጥም ሊና ጫማውን የምታስቀምጠው አልጋዋ ስር ነው። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከመውጣቴ በፊት ግን ለመንኳት፤ «ወርቄ፣ ካድሬው ከሰማ አንቺም እኔም አለቀልን። በመጨረሻው ቅዳሜ እኔ ያልኩትን ብቻ በይ።» «እሺ» አለችኝ።

ስለ መጽሐፉ እስከ ዱራሜ ገበያ ይወራል ተብሎ፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ካድሬው ራሱ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ደግነቱ እንደኔው ሀዲይኛ አይሰማም። በመስኮት ሳይቀር ሴቶች ተንጠልጥለዋል። እንደምንም ጨረስኩት፤ «ማርቲን እስር ቤት ሞተ። ሊናም ብቻዋን ወደ ፋብሪካው ተመለሰች።»

ተራው የወርቅነሽ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው እሷን እሷን ያያል... ተናገረች፣ ባጭሩ። ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው እልልታውን አቀለጡት!

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

እኔ የገባኝ «አስቴር» የሚለው ብቻ ነው። «ትግሉ ይቀጥላል፣ ወዛደሩ ያሸንፋል አለች ጓድ» አልኩት። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ስንወጣ ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። «ሞተ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«በአንቺ መጽሐፍ ሞተች» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «የእኔን ግን ሞተች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ተመለሰች አልኳቸው።»

ርዕሱን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ ልጄ... መጨረሻውን በተመለከተ ግን፣ እኔ የማምነው የሀዲይኛውን ነው።