ተገልብጦ የተነበበ መዳብ

ያረጁ የመዳብ ሳንቲሞችን መመርመር ከጀመርሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ልቤ የዘለለበት ጊዜ አላስታውስም። ፀሐዩ ሳይበረታ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ቆሜ ከጀውሃ የሚመጣውን ሚኒባስ እጠብቅ ነበር። ወዳጄ ሐጂ፣ የሽንኩርት ነጋዴው፣ የአባታቸውን ሳንቲም ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበርና። አባታቸው ወደ ቆላው እየወረዱ ጨው ይነግዱ የነበሩ፣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሡ ያለፉ ሰው ናቸው። ለልጃቸው የቀረላቸው መታሰቢያ አባትየው በመቀነታቸው ቋጥረው ይይዙት የነበረው ያ መዳብ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሳንቲም የሚመታው ሥዕልና ፊደል በተቀረጸበት የብረት መምቻ ነው። መምቻው ሲያረጅ ሌላ ይቀረጻል፤ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ዳዊት ቢገለብጡ እጃቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ አዲሱም ከአሮጌው ጥቂት ይለያል። እኔ ባሉኝ አራት መዳቦች ላይ የአንበሳው ጅራት ጫፍ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚለው ጽሕፈት «ነ» ሥር ይቆማል። ጅራቱ «ነ»ን አልፎ ከ«ገ» በፊት ባለው ክፍተት የገባበት ሌላ መምቻ እንደነበረ ሰምቼ ነበር እንጂ በዓይኔ አላየሁም።

ሐጂ ከሚኒባሱ እንደወረዱ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ሳንቲሙን በመዳፋቸው ዘረጉልኝ። ከፊት ለፊታቸው ጎንበስ ብዬ አጉሊ መነጽሬን አስጠጋሁ። ጅራቱ ክፍተቱ ውስጥ ገብቷል!

«ሐጂ፣ ይህ ሌላ ነው! ከእኔዎቹ ጋር አንድ አይደለም!»

«ወላሂ መሪጌታ፣ መጀመሪያ ውሃ እንኳ ያጠጡኝ» ብለው ሳቁ።

ቤቴ እስክንደርስ መታገሥ አቃተኝ። ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥን መሐረቤን ጉልበቴ ላይ ፈትቼ የእርሳቸውን ሳንቲም ከእኔዎቹ አጠገብ አኖርሁ። ወዲያው ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ዘለለ፤ አምስቱም መዳቦች እግራችን ሥር ተበተኑ።

«አቁም! አቁም!»

ባለ ባጃጁ ወርዶ ከሥራችን እየለቀመ፣ «አባቶቼ፣ ለዚህ ዝገት ነው የጮኻችሁት?» አለ።

«ዝም ብለህ ልቀም! የወደቀው አባቴ ነው!» አሉት ሐጂ።

አምስቱም ተገኙ። ነገር ግን ሁሉም በእጅ ብዛት የለሰለሱ፣ የፊደላቸው ጥላ ብቻ የቀረ ናቸው። ሐጂ አንዱን አንሥተው አዩትና መለሱት፤ ሌላውን አንሥተው መለሱት፤ የእርሳቸው የቱ እንደሆነ አልለይ አላቸው። «እኔ አንድ አንበሳ ይዤ መጣሁ፤ እርስዎ ከመንጋ ቀላቀሉብኝ» አሉኝ። ቀልድ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ግቢዬ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ምርመራ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ላይ ጅራቱ ከ«ነ» ሥር ነው፤ በሁለተኛውም እንዲሁ፤ በሁሉም እንዲሁ! መናኸሪያ ላይ በግልጥ ያየሁት ክፍተት የት ገባ?

ያን ጊዜ የቆሎ ተማሪነቴ ትዝ አለኝ። በአንድ ዳዊት ዙሪያ ብዙ ሆነን ስለምንቀመጥ፣ ከመምህሩ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ፊደሉን እንደተገለበጠ ያነብብ ነበር። መምህራችንም አንዱ ተማሪ ሳያይ በቃሉ የሚወርድ ሲመስላቸው መጽሐፉን ያዞሩበታል፤ በቃሉ የሚወርደው ያን ጊዜ ይጋለጣል። እኔም የሳንቲሙን ጽሕፈት ከልጅነቴ በቃሌ የማውቀው ነኝ። ፊደሉ በጠፋበት ሁሉ ዓይኔ ሳይሆን ቃሌ እየሞላልኝ ኖሯል። የሐጂን ሳንቲም መናኸሪያ ላይ ያየሁት ደግሞ ከፊት ለፊት፣ ተገልብጦ ነበር!

አምስቱንም አዞርኋቸው። ፊደሉ ንባብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ብቻ ሆነ። አንዱ ከ«ነ» ሥር፤ ሁለተኛው ከ«ነ» ሥር፤ ሦስተኛው ግን ክፍተቱ ውስጥ!

«ተገኘ! ሐጂ፣ ተገኘ!»

«አልሃምዱሊላህ!»

አራተኛውም ከ«ነ» ሥር ሆነ። አምስተኛውን ሳየው ግን እርሱም ክፍተቱ ውስጥ ነው። ስፈልገው የኖርሁት መዳብ በገዛ መሐረቤ ተቋጥሮ ነበር ማለት ነው! ደስታዬን ልደብቀው አልቻልሁም፤ ሐጂ ግን ሁለቱን አንሥተው ተከዙ።

«መሪጌታ፣ ይህ የምሥራች ነው መርዶ? ከሁለቱ አባቴ የቱ ነው?»

ወዲያው ዓይናቸውን ጨፈኑና አውራ ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳረፉ። «አባቴ ሲነግዱ ከጎናቸው ተቀምጬ በዚህ እጫወት ነበር። ከአንበሳው ሆድ ሥር ጥፍር የሚይዝ ነገር ነበረው።» አንደኛውን በጥፍራቸው ዳሰሱና አስቀመጡት። ሁለተኛውን ሲዳስሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኸው። ይኸው፣ አባቴ!»

መነጽሬን ነጥቄ አየሁት። ከሆዱ ሥር፣ የሰው እጅ አጥብቆ በማይደርስበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ቀጭን መስመር ተነሥቷል። መምቻው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በመዳቡ ላይ እንደ ጅማት ይወጣል። የእኔው ግን መስመር የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ብረት የወጡ ናቸው፤ የእኔው መምቻው ጤነኛ ሳለ፣ የሐጂ ከተሰነጠቀ በኋላ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨበጨብሁ። ሐጂም፣ የምለው ሁሉ ባይገባቸውም፣ አብረውኝ ያጨበጭቡ ነበር።

«እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎን ለጎን ልያቸው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ሐጂ ሳንቲሙን በሽርጣቸው ጫፍ አጥብቀው ቋጠሩት። «ማየት ከፈለጉ ኢንሻአላህ ጀውሃ ይምጡ፤ የእርስዎንም ይዘው። አባቴን ከእንግዲህ በባጃጅ አላመላልስም።»