እግሩ የሚሰማው መኪና

ሰውዬው ጡረታ በወጣ በዓመቱ የስፖርት መኪና ሊገዛ ተነሣ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ቢስቅም አይፈረድበትም። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ተሳፋሪው በችኮላ ሲቁነጠነጥ እሱ ከፌርማታ ፌርማታ እየተንፏቀቀ የሚደርስ ሰው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ይዘው የሥራ ባልደረቦቹ «እንቁላሉ» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። እንግዲህ ይኸው እንቁላሉ፣ በስተርጅና፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ሲነሣ የሚያጓራ ባለ ሁለት በር መኪና ካልገዛሁ ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ በየመኪና መሸጫው መዞር ጀመረ። ጎረቤት ጎረምሳነቱ ዞሮ መጣበት አለ። ወንድ ልጁ በስልክ እየተንከተከተ ሄልሜትም አብረህ ግዛ አለው። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ አፍራ ነበር።

የሚስቁት ሁሉ አንድ ነገር አያውቁም። እንቁላሉ ፍጥነት አምሮት አይደለም። ቀኝ እግሩ ሞቶበት ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል፤ ኪኒኑን ይውጣል፣ ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ በቃ፣ ጉዳዩ ያለቀ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለው። ቀጥሎ ምንጣፉና ሲሚንቶው አንድ ሆኑበት። አንድ ቀን ደግሞ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ በር ላይ ቀርቶ እሱ ግቢውን አቋርጦ ተገኘ። ሚስቱ ጫማውን አንጠልጥላ ተከትላው ሐሳብህን የት ጥለኸው ነው ስትለው አብሯት ሳቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሐሳቡ የትም እንዳልሄደ እሱ ያውቃል።

ሐኪም ዘንድ ብቻውን ሄደ። ሐኪሟ አልጋ ላይ አጋድማ ዐይኑን እንዲጨፍንና በቀጭን ክር እግሩን ስትነካው «አሁን» እንዲላት ነገረችው። ጨፍኖ ጠበቀ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማዋል፣ በኮሪደሩ ጋሪ ሲገፋ ይሰማዋል፣ ክሩ ግን አልመጣም። ይቺ ልጅ ስልኳን ነው እንዴ የምትነካካው ብሎ ትንሽ ተናደደ።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ» አላት።

«ጨርሻለሁ አባባ።»

ግራው ትንሽ ተርፎታል፣ ቀኙ ግን የለም አለችው። ነዳጅ ይርገጥ ፍሬን ይርገጥ የማያውቅ እግር ይዞ መንገድ መውጣት ለራስም ለሰውም ጠንቅ ስለሆነ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለመነችው። አመስግኗት ወጣ። ቤት ሲገባ ለሚስቱ፣ ሐኪሟ ደህና ነህ ብላኛለች አላት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እንቁላሉም የጨነቀው ሹፌር ብቻ ሊያስበው የሚችለውን አሰበ። መኪና የሚታወቀው በእግር ነው ብሎ ኖሯል። የፍሬኑ ሸራ ሲሳሳ፣ ጎማው ሲተነፍስ፣ ከጋራዥ ሰዎች ቀድሞ የሚያውቀው እግሩ ነበር። ታዲያ እግሩ ካልሰማ፣ ምናልባት ያልተናገረው መኪናው ቢሆንስ? የአውቶቡስ ፔዳል የሰነፍ ፔዳል ነው፤ ልል ነው፤ እሱን ሲረግጥ ኖሮ እግሩ ደነዘዘ እንጂ አልሞተም። የስፖርት መኪና ግን ድርቅ ያለ ነው ይላሉ፤ ጠጠር ስትረግጥ ጠጠሩን እስከ መቀመጫህ ያደርስልሃል። የተኛ እግር ካለ የሚቀሰቅሰው እንዲህ ያለው ነው። ሐኪሟ በክር ነው የሞከረችኝ፣ እኔ ደግሞ ክር ነድቼ አላውቅም እያለ ራሱን አጽናና። ገንዘቡም ለክፉ ቀን ተብሎ ተቀምጧል፤ ከዚህ የከፋ ቀን ደግሞ አልታየውም።

የመጀመሪያው መሸጫ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ አየሩ አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ይላል። ሻጯ ልጅ ጎኑ ተቀመጠች። የቀኝ ጫማውን ሲያወልቅ መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥሎ ንጹሑን ምንጣፍ አየች፤ ደንበኛ ንጉሥ ነውና ዝም አለች። መኪናው ያለ ድምፅ ወጣ። እንቁላሉ ፍሬን በያዘ ቁጥር ዐይኑን ወደ ታች ጣል ያደርጋል፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ መሆኑን ማየት አለበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፔዳል አይቶ የማያውቅ ሰው በዐይኑ መርገጥ ጀመረ። ሲመለሱ ፔዳሉ ነፍስ የለውም ብሎ ቁልፉን ሰጣት። እሷም ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ፔዳሉን ነው ብላ ልታስረዳው ሞከረች፣ እሱ ግን ጫማውን እያሰረ ነበር።

የሚቀጥለው ፍሬኑ ልል ነው። ከዚያ ያለው ነዳጅ መስጫው እንቅልፋም ነው። አንዱ ፔዳሎቹ ተጠጋግተዋል፣ ሌላው ተራርቀዋል። አንድ ቀን የቆመ ነገር ላይ ሊወጣ ለጥቂት የተረፈው መኪና ደግሞ፣ በሱ አነጋገር፣ ጭራሽ ፍሬንና ነዳጁን የማይለይ መኪና ነው። ይህን ያለ ዕለት ወንበር ስበው አስቀምጠው ውሃ አቀረቡለት። በየመሸጫው ስሙ ወጣ፤ መጣ እንከን አውጪው ይሉታል። እሱ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይገባና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን በእጁ ያሻል፣ ይቆነጥጠዋል፣ ይለምነዋል። አልቅሶም ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ደላላ ደወለለት። አፈ ቅቤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሲያወራ ብረቱን ማር ያደርገዋል። እኔ ዘንድ ያለውን ሳያዩ ተስፋ እንዳይቆርጡ አለው። ባለቤቱ ይወዳደርበት የነበረ ነው፣ ምንጣፉ ሳይቀር ወጥቶ ባዶ ብረት ነው፣ ሲነዱት ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ፔዳሉ ከእግር ጋር ያወራል። ደላላው ይህን ያለው ስንቱን ሲያጣጥል ሰምቶ ነው፤ እንቁላሉ ግን ልቡ ዘለለች።

በዚያ ቅዳሜ ሚስቱ እኔም እሄዳለሁ ብላ ልብሷን ለብሳ ጠበቀችው። ጎረቤቷ፣ ባልሽ የሚፈልገው መኪና ነው ወይስ ሌላ የሚሞቅ ነገር ብላ ሹክ ብላታለች። ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰውዬው የቀብር ፊት ይዞ ሲመለስ እያየች ዝም ማለት አልቻለችም።

መኪናው ቀይ ነው፣ እዚህም እዚያም ተላልጧል። ደላላው ከኋላ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተቀመጠ። እንቁላሉ ጫማውን አውልቆ ለሚስቱ ያዢልኝ አላትና አስነሣው። ያን ጊዜ አንድ ነገር በአጥንቱ ሽቅብ መጣ። ጭኑ ተንዘረዘረ፣ ጉልበቱ ተንዘረዘረ። ነዳጅ ጨመር ሲያደርግ ንዝረቱ ጨመረ፣ ሲለቅ ለቀቀ። ወደ ታች ማየቱን ተወ። ገበያውን አለፉ፣ ድልድዩን አለፉ፣ አውቶቡሱን ዕድሜ ልኩን ሲያዞርበት የኖረውን የመጨረሻውን ፌርማታ አለፉ። ሰው ጋሪ እየገፋ መንገድ ሲያቋርጥ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ጸጥ ብሎ ቆመለት። እንቁላሉ ሳቀ፤ ሚስቱ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዘመናት አልፈዋል።

ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋና መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ተሰማኝ» አላት። «ሰማሽ? እግሬ ተሰማኝ። ይሄንን እንገዛለን።»

«ድሮስ የማን እግር ነው የሚሰማህ?» አለች ግራ ገብቷት።

ያን ጊዜ፣ ደላላው ከኋላ አንድ ጆሮውን ደፍኖ በስልክ ከሌላ ገዢ ጋር ሲጯጯህ፣ ሁሉንም ዘረገፈላት። አደጋው ያለፈ መስሎታልና እየሳቀ ነው የነገራት፤ ሐኪሟን፣ ክሩን፣ ጨርሻለሁ ያለችውን፣ ከዚያ ወዲህ ያየውን አበሳ። ደህና ነህ አለችኝ ያልኩሽ ውሸት ነው አላት፤ አሁን ግን እውነት ሆነ፣ ሴትዮዋ ተሳስታለች፣ እግሬ ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም፣ ሰኞ ሄጄ ነው የምነግራት አለ። አላቆምም ብሎ አወራ። ሚስቱ ጫማውን እንደታቀፈች ዝቅ ብላ የመኪናውን ወለል ታያለች።

«አያምህም?» አለችው።

«ምኑ?»

በእጇ አሳየችው። የነዳጁ ፔዳል ጎማው ወልቆ ብረቱ ጥርስ አውጥቷል። ግራጫው ካልሲ ከጣቱ እስከ ተረከዙ ጠቁሯል፤ ባዶው ወለል ላይ ደም ተጠራቅሟል። ከድልድዩ ወዲህ ይሁን ከገበያው፣ ማን ያውቃል፣ ብረቱ እግሩን ሲበላው ነው የመጣው። እንቁላሉ ካልሲውን ገለጥ አደረገው። ቁስሉ ጣት ያስገባል። የእጁን ጣት አስጠጋ፤ ጣቱ የእግሩ ሙቀት ተሰማው፣ እግሩ ግን ጣቱን አላወቀውም። የተንዘረዘረው ጉልበቱ ነበር። እግሩ ምንም አልሰማም፤ ሲቆረጥ እንኳ አልሰማም።

ሚስቱ አልተቆጣችም፣ ለምን ዋሸኸኝም አላለችም። ሻርፗን ከራሷ ላይ አውርዳ በዚያች ጠባብ ቦታ ታጥፋ እግሩን ታስር ጀመር። እሱ የሚያስረውን እጅ ያያል፤ አጥብቃ ታስር አላልታ ታስር፣ የሚያውቀው በማየት ብቻ ነው።

ደላላው ከኋላ ሆኖ የሆነው ነገር አልታየውም። ስልኩን ሲዘጋ ሁለቱንም ፔዳሉ ላይ አጎንብሰው ስላያቸው፣ እንደተለመደው እንከን ሊወጣ ነው ብሎ ቀደም አለ። ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ጎማ አስገጥምልዎታለሁ አለ፤ መቀመጫውም ይስተካከላል፣ ድምፁም ከበዛ ይቀነሳል፣ እርስዎ ብቻ የማይመችዎትን ይንገሩኝ።

እንቁላሉ በሩን ከፍቶ የመኪናውን ጣሪያ ይዞ በአንድ እግሩ ወረደ። መቀመጫውን ወደ ፊት አጥፎ ደላላውን ና ውጣ፣ አንተ ንዳ አለው። ራሱም እንደምንም ታጥፎ ከኋላ ገባና እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባው።

ደላላው መሪውን ይዞ በስፖኪዮው አየው።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አገኙበት?»

«ምንም አላገኘሁበትም» አለ እንቁላሉ። «መኪናው ደህና ነው።»