ሬዲዮው ሲሸጥ «አሚን» አልኩ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከወሎ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅጅጋ፣ ከዚያም ሀርጌሳ። የገባሁት ከተማዋ ከፍርስራሽ ገና ስትነሳ ነው። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ጣሪያው አዲስ፣ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ ቤት አግኝቼ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

ያኔ የስልክና የመገናኛ ሬዲዮ ኩባንያ ሲቋቋም ሰፈርተኛው አክሲዮን ይገዛ ነበር። እኔም የእጄን አምባር ሸጬ አንድ ገዛሁ። ትርፉን አስቤ አይደለም። ልጄ ያገባችው ከድንበሩ ማዶ፣ ስልክ ያልደረሰበት ትንሽ ከተማ ነው። አርብ አርብ ከሶላት በኋላ እሷ እዚያ ሬዲዮ ቤት፣ እኔ እዚህ ኩባንያው ሬዲዮ ክፍል እንቀመጣለን። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ «ኦቨር» ካላለ ሌላው አይናገርም። ወረፋ የሚጠብቀውም ሁሉ ይሰማናል። «እማዬ፣ ወገብሽ ተሻለሽ? ኦቨር» ስትል ሰዉ ይስቃል። አንድ አርብ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የምነግርሽ አለኝ፤ ዛሬ ሰው በዝቷል፣ ለሚቀጥለው አርብ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ባለአክሲዮኖች ተጠራን። ሬዲዮ ክፍሉን የወደብ ነጋዴዎች ለመርከቦቻቸው ሊገዙት ነው፣ ኩባንያው በገንዘቡ ስልክ ይዘረጋል ተባለ። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ሴቶች ከኋላ ምንጣፍ ላይ ነን።

«ዛሬ ሬዲዮውን፣ ነገ እኛን ትሸጡናላችሁ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ጎረቤቴ፣ በስደቷ ዘመን አማርኛ የለመደችው ጨርቅ ሻጭ፣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ኤዶ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «እንኳን ተሸጠ! የአክሲዮናችን ዋጋ ይሰቀላል።»

«ልጄስ?»

«ስልክ ይገባላታል።»

«መቼ?»

«ኢንሻአላህ።»

ተነስቼ ልናገር ሻሼን አስተካከልኩ። የምለውን በሶማልኛ በልቤ ስደረድር ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ «ፋቲሓ» ብለው የመዝጊያውን ዱዓ ጀመሩ። እዚያ አገር የስብሰባ ውሳኔ በፋቲሓ ከታሰረ አይፈታም። እጄ እንደ ልማዱ ተዘረጋ፤ አፌም ከሁሉም ጋር «አሚን» አለ። ያደረግኩት ገብቶኝ ቀና ስል ሰዉ ጫማውን ይፈልጋል።

አርብ ስሄድ ሬዲዮው ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ላይ እሱ የነበረበት ቦታ ብቻ አቧራ አልነካውም። ልጄ በዚያ ጫፍ ሆና እየጠራችኝ ይሆናል ብዬ እስኪዘጉ ድረስ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ እንዳለችው አክሲዮኑ ተወደደ። ፈርተው የሸጡት ተቆጩ፤ ያልሸጥነውን በየመንገዱ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሉናል። እኔ በመንገደኛ መልእክት ብልክ መልስ የለም፤ ልሂድ ብል መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ከረመ።

ከወራት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በሬ ላይ ቆሞ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ እናቴ» አለኝ።

«አዎ፣ ተወደደ ይላሉ» አልኩት።

«ምኑ? ልጅሽ ወልዳለች እኮ! ንገርልኝ ብላኛለች።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። «ወንድ ነው ሴት?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩም» አለኝና ሞተሩን ሳያጠፋ ወዳቆመው መኪና ሮጠ።