ፀሐይ የዘገየችበት ጾም

አባቴ በጾም ቀን ሰዓት የሚያውቁት በእግራቸው ነው። ፀሐይን ወደ ጀርባቸው አድርገው ይቆማሉ፤ የጥላቸው ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በዓይናቸው ይይዙና ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በባዶ እግራቸው ጫማ ይሰፍሩታል። ወገራ ባለው ደብራቸው ቄስ ሆነው ሲያገለግሉ፣ የጾም ቅዳሴ ደወል የሚደወለው እሳቸው ጥላቸው ለሰዓቱ የተወሰነውን የጫማ ቁጥር ሲሞላ አይተው “ደርሷል” ሲሉ ነበር። ሰው ረጅምም ሆነ አጭር፣ የእግሩ ጫማ ለቁመቱ የተመጠነ ስለሆነ ልኩ ለሁሉም ይሠራል ይላሉ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

እናቴ ካረፈች በኋላ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። ኑሮው ቶሎ ተስማማቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ከእኔ በላይ አወቁት፤ ውሻዬም የሚታዘዘው ለእሳቸው ሆነ። ችግር የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው።

አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለማስተምር በሰዓቱ ቤት እደርስና ምሳ አቀርባለሁ። እሳቸው ወጥተው ጥላቸውን ይሰፍሩና “ገና ነው” ብለው ይመለሳሉ። ማዕድ የሚቀርቡት አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሐኪሙ ሆዳቸው ብዙ ባዶ እንዳይቆይ አስጠንቅቆኝ ስለነበር የስልኬን ሰዓት አሳየኋቸው።

“የስልክሽን ሰዓት የሞላው ሰው አይደል?” አሉኝ። ንድድ አለኝ። ቱግ ማለት ከእሳቸው የወረስኩት ነው፣ ስለዚህ አይፈሩኝም።

ምክንያቱን ከመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር። ጀርባቸው ጎብጧል። ቁመታቸው ሲያጥር ጥላቸውም አጠረ፤ የእግራቸው ጫማ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጥላቸው ልኩን የሚሞላው ፀሐይ ብዙ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ይህን ለተማሪ በሰሌዳ ላይ ማስረዳት ቀላል ነው። ለአባቴ “ጎብጠዋል” የምልበት አፍ ግን አልነበረኝም፤ አሳዘኑኝ።

አንድ ቀን ሰፍረው ሲመለሱ ደጅ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

“አንቺ ተምረሻል። ምነው ፀሐይ ዘገየች? ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው ነገሯ የተለወጠብኝ። መንገዷን ትስታለች እንዴ? እንዲህ ከሆነስ ወገራዬ ብመለስ ይሻለኛል።”

ደነገጥኩ። ወገራ የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ነው።

“መንገድስ ትሄዳለች አባየ። ቆማ አታውቅም” አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ፀሐይ ፍኖተ ሐሊብ የምንለውን የከዋክብት ስብስብ መሀል እንደምትዞር፣ በአንድ ሰከንድ ከጎንደር ተነሥታ ባሕር ዳርን አልፋ የምትሄድ ያህል እንደምትፈጥን፣ እንደዚያም ሮጣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሚፈጅባት ነገርኳቸው።

“የወተት መንገድ” አሉ በአማርኛ እየፈቱ። “ስሙ ሸጋ ነው። እንዲህ የምትሮጥ ከሆነች ታዲያ እንዴት አትርቀኝም?”

“እኛንም ይዛ ነው የምትሄድ። ምድርንም፣ ጨረቃንም፣ ሌሎቹንም። ከዳባት በአውቶቡስ ሲመጡ ከጎንዎ የተቀመጠችው ሴትዮ ወደ ኋላ ቀርታብዎት ነበር?”

“የት ትቀራለች! እስከ ጎንደር አፏን ሳትዘጋ ነው የመጣች።”

“እንደሱ ነው። ሁላችንም አብረን ስለምንጓዝ በእኛና በእሷ መካከል ያለው ነገር አይለወጥም። ወገራ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህም ዘጠኝ ሰዓት ነው።”

ዓይናቸው መሬት ላይ፣ ከእኔ ጥላ አጠገብ ካለው ከራሳቸው ጥላ ላይ ነበር። ተነሥተው ቆሙ፤ እኔንም አስነሡኝ። ሁለቱን ጥላዎች እያፈራረቁ አዩ። ልጅ ሆኜ ትከሻቸው ላይ የማልደርስባቸው የአባቴ ጥላ ከእኔ ጥላ በጣም አንሶ ነበር።

“እሷስ አልዘገየችም” አሉ። “እኔ ነኝ ለካ የጎበጥኩ።”

ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

“ምነው ታለቅሻለሽ? ጫማሽን አውልቂና ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ” አሉኝ።

ቆምኩ። ጫፉን በዓይኔ ይዤ በባዶ እግሬ መስፈር ጀመርኩ፤ እሳቸው ከኋላዬ በግዕዝ ቆጠሩልኝ፦ “አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ...” ጨርሼ ዞር ስል የደብራቸውን ደወል ሲያስደውሉ ይናገሩበት በነበረው በዚያ ድምፅ “ደርሷል” አሉ። ገብተን ሽሮ በላን።

ስለ ወገራ መመለስ ከዚያ በኋላ አላነሡም። በጾም ቀን ምሳቸውን የሚበሉት በእኔ ጥላ ነው። “ቀጥ በይ” ይሉኛል በየቀኑ፤ እኔም ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።