ከኤምባሲ የመጣው እንግዳና የደቦ ዘፈናችን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከረባት ያሰረ ፈረንጅ ጓሮዬን ቆፈረልኝ!

ሰውዬው ከኤምባሲ ነው። የእኛ ዘፋኞች አገሩ ሄደው፣ የእነሱም ዲላ መጥተው እንዲዘፍኑ የሚሆን ትንሽ ድጋፍ ይዟል። ዘፈናችን ካልጣመው ለሌላ አውራጃ ይሰጠዋል።

አዳራሽ ውስጥ "ዝፈኑ" ስንባል የዘፈን ቡድናችን አውራ አባባ ጅግሶ፣ "ይሄ የደቦ ዘፈን ነው፤ ዶማ ሳይያዝ አይዘፈንም" ብለው ቁጭ አሉ። ድጋፉ ሊያመልጠን ነው!

እኔ ብልሁ፣ "ጓሮዬ ቅርብ ነው" አልኩ።

እዚያ ዘፈኑ ሲግል ሰውዬው ኮቱን ጥሎ ዶማዬን ነጠቀኝ። ቆፍሮ ቆፍሮ፣ "ድጋፉ የእናንተ ነው" አለ።

አባባ ጅግሶ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ "በል አንተ ጉረኛ፣ ደቦ የጠራ ያበላል!" አሉ።

የሚስቴ ቆጮ ተጠርጎ አለቀ። እናንተስ ሳትዘጋጁ ደቦ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ማንበብ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ስለጨረስኩ ራሴ አነበዋለሁ!